ባሕር ማዶ ያለ ቤት፣ ያላለቀ የትምህርት ዕዳ

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ከመድረኩ ሥር ቦታ አለ።

ሥራዬ የሰው የግብር ወረቀት መሙላት ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቼ አንድ እግራቸው እዚህ፣ አንድ እግራቸው እዚያ የሆነ፣ በሁለት አገር ገቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የግብር ማሳወቂያ ወቅት በደረሰ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ወጣት አይጠፋም። ገና ሳይቀመጥ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። ሰገነት፣ ሁለት ወንበር፣ ከወንበሮቹ ማዶ ባሕር። «ቅድሚያ ክፍያው ትንሽ ነው፤ የቀረው በየወሩ ነው፤ ኪራዩ ራሱን በራሱ ይከፍላል» ይለኛል። እኔም «ጥሩ፤ አሁን ደግሞ የትምህርት ብድርህን ገጽ ክፈትልኝ» እለዋለሁ። ይሄኔ ስልኩ መንቀራፈፍ ይጀምራል። የይለፍ ቃሉም ይጠፋል።

ዛሬ የማወራው ስለ እነዚህ ሁለት ገጾች ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ለየብቻቸው ነው የሚያያቸው። ቤቱ ነገ ነው፣ ብድሩ የትናንት ጣጣ። እኔ በሥራዬ ያየሁት ግን ሁለቱ በደንብ እንደሚተዋወቁ ነው። ቤቱ ያስገባውን ብድሩ ያያል፤ ብድሩ የሚወስደውን ቤቱ ይጎዳበታል። ስለዚህ «የትኛው ወለድ ይበልጣል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ወሩ ሲከፋባችሁ፣ ከሥራ ስትቀነሱ ወይም ስትታመሙ፣ ከሁለቱ የትኛው ይታገሣችኋል?

የወለዱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው፤ ሁሉም የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ዓመቶቹን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጠራው። አሜሪካ ውስጥ ለ2025-26 የትምህርት ዘመን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚሰጠው የፌዴራል ብድር ወለድ 6.39 ከመቶ ነው። ሻጩ ደግሞ «ይህ አፓርትማ 8 ከመቶ ያስገባል» ይላችኋል። 8 ከ6.39 ይበልጣል፤ ነገሩ አለቀ፣ ቤቱ ይገዛ!

እስቲ ያንን 8 ከመቶ አብረን እንግለጠው። ቤቱ 120 ሺህ ዶላር፣ ኪራዩ በወር 800 ነው እንበል። በዓመት 9,600 ይሆናል፤ 8 ከመቶ ነው፣ ሻጩ አልዋሸም። አሁን ቤቱ በዓመት ውስጥ ለአንድ ወር ተኩል ባዶ ይቀመጥ፤ 8,400 ቀረ። እናንተ ሩቅ ስለሆናችሁ የሚያስተዳድርላችሁ ሰው 10 ከመቶ ይወስዳል፤ 7,560። ለአሳንሰሩ፣ ለጥበቃውና ለጽዳቱ የሕንፃው መዋጮ በወር 100፤ 6,360። ጥገናና መድን 1,000፤ 5,360። ቤቱ ያለበት አገር የኪራይ ግብር 15 ከመቶ ነው ብለን እንውሰድ፤ 4,556። ገንዘቡን ለማስተላለፍና ለሒሳብ ሠራተኛ 500፤ 4,056 ቀረ። ደግሞ ቤቱን የገዛችሁት በ120 ሺህ አይደለም። የስም ማዛወሪያው፣ ጠበቃው፣ የውል ማረጋገጫውና ደላላው ተደምረው 8 ከመቶ ቢጨምሩበት 129,600 አውጥታችኋል። 4,056ን ለ129,600 ስታካፍሉት 3.1 ከመቶ ገደማ ነው።

ቁጥሮቹን እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው፤ እንደ ቤቱ ይለያያሉ። ሥርዓታቸው ግን አይለያይም፣ ሁሉም ወደ ታች ነው የሚጎትቱት። የቤቱ ዋጋ ቢያድግ ሌላ ነገር ነው፤ ዕድገቱ ግን ሸጣችሁ ገንዘቡ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ወሬ ነው። 6.39 ከመቶ የሚወለድበትን ብድር ቀድሞ መክፈል በአንጻሩ ግብር የለበትም፣ አስተዳዳሪ አይፈልግም፣ ሌሊት ደውሎ «ቧንቧው ፈነዳ» አይላችሁም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ንግግሬ አሥር ደቂቃ ይበቃው ነበር። ግን የትምህርት ዕዳ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ብዙ መካሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ከግል ባንክ የተወሰደ የትምህርት ብድር ተራ ዕዳ ነው። ወለዱ ተለዋዋጭ ሊሆን ይችላል፤ ዋስ የፈረመላችሁ ዘመድ ካለ እሱም አብሮ ተይዟል። ገቢያችሁ ቀነሰ ብሎ ክፍያውን የመቀነስ ግዴታ የለበትም። መንግሥት የሚሰጠው ደግሞ በብዙ አገር ከገቢ ጋር የታሰረ ነው። እንግሊዝን ውሰዱ። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ትምህርት የጀመረ ተማሪ በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ካገኘው ላይ 9 ከመቶ ይከፍላል፤ በ40 ዓመት ውስጥ ያልተከፈለው ይሰረዛል። ገቢ ከሌለ ክፍያ የለም። አውስትራሊያም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ ብድሩ መደበኛ ወለድ የለውም፣ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱና ከደመወዝ ዕድገቱ ካነሰው ጋር ይስተካከላል። «ወለድ የለውም» ሲባል ግን እንዳትዘናጉ፤ በ2023 ማስተካከያው 7.1 ከመቶ ደርሶ ባለዕዳው ሁሉ ሲጮህ፣ መንግሥት ሕጉን ወደ ኋላ ተመልሶ እስከ ማሻሻል ደርሷል።

አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አለ። የፌዴራሉ በገቢ ልክ የሚከፈልበት መንገድ አለው፤ የግሉ በጥቅሉ የለውም። ሁለቱም የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አለ፦ በኪሳራ ሕግ በቀላሉ አይፋቁም፤ ለፍርድ ቤት ከባድ ችግር ላይ መሆንን ማስረዳት ይጠይቃል። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ሲፋቅ የተማራችሁበት ዕዳ አብሯችሁ ይቀራል። የፌዴራሉን መክፈል ካቆማችሁ ደግሞ መንግሥት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳያስፈልገው ከደመወዛችሁ እስከ 15 ከመቶ ሊቆርጥ ይችላል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ፤ ማን ይታገሣል? ከገቢ ጋር የታሰረ ብድር ይታገሣል። የግል ብድር አይታገሥም። ባሕር ማዶ ያለ ቤት ደግሞ ጭራሽ አይታገሥም፤ ባዶም ሆነ ሰው ያለበት፣ የሕንፃው መዋጮ በወሩ መጀመሪያ ይጠየቃል። የማይታገሥ ዕዳ እያለባችሁ የማይታገሥ ንብረት መጨመር ማለት፣ አንድ መጥፎ ወር ሁለቱንም ይዞባችሁ እንዲሄድ መፍቀድ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄ ነው።

«የኔ የመንግሥት ነው፣ ይታገሣል፤ እንግዲያው ልግዛ?» የሚል ፊት አያለሁ። ቆይ። ብዙዎቻችሁ ያልሰማችሁት፣ እኔን ግን በየዓመቱ የሚያሠራኝ ነገር እዚህ አለ። ከገቢ ጋር የታሰረ ብድር ደመወዛችሁን ብቻ አይደለም የሚያየው።

እንግሊዝ የሚኖር ሰው የባሕር ማዶ ኪራዩን ለዚያው ለእንግሊዝ ግብር ያሳውቃል። ሥራ ሳይሠራ ያገኘው ገቢ፣ ማለትም ኪራይ፣ የባንክ ወለድ፣ የአክሲዮን ትርፍ ድምር፣ በዓመት ከ2,000 ፓውንድ ካለፈ ለትምህርት ብድሩ ስሌት ይገባል። ደመወዙ ክፍያ ከሚጀምርበት ከ25,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ሰው 3,000 ፓውንድ የተጣራ ኪራይ ቢያገኝ 270 ፓውንዱ ለብድሩ ይሄዳል፤ በ20 ከመቶ ግብር 600 ይጨመርበታል። ቤቱ ያለበት አገር ላይ ግብር ከፍሎ ከሆነ ያ ግብር ከ600ው ላይ ሊቀነስለት ይችላል፤ ከ270ው ላይ ግን አይቀነስም፣ ብድር እንጂ ግብር አይደለማ! አንድ ደንበኛዬ ይህን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ታዲያ ቤቱን የገዛሁት ለማን ነው?» አለኝ።

አሜሪካዊ ሲሆን ሌላ መልክ አለው። ውጭ አገር ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ደመወዙን እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ከግብር ገቢው ውጭ ማድረግ ይችላል፤ ስለዚህ በገቢ ልክ የሚከፈለው የትምህርት ብድሩ ወደ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። ደስ ይላል። ኪራይ ግን በሥራ የተገኘ ገቢ ስላልሆነ በዚያ በር አያመልጥም። ደመወዙ የተደበቀለት ሰው በአንዲት ክፍል ኪራይ ይገለጣል። ለሕንፃው እርጅና ከኪራይ ገቢው ላይ በየዓመቱ የሚቀነስ አለ፤ ባሕር ማዶ ላለ መኖሪያ ቤት በ30 ዓመት ተካፍሎ ነው፣ አገር ውስጥ ላለው ግን በ27.5 ዓመት። ኪራዩን ለመቀበል የከፈታችሁት የውጭ ባንክ ሒሳብም አለ። በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ የውጭ ሒሳቦቻችሁ ድምር ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለብቻው ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ለዝንጉ ሰው ቅጣቱ ከኪራዩ ሊበልጥ ይችላል።

አውስትራሊያ ደግሞ «ቤቱ ቢከስር ኪሳራው ገቢዬን ያሳንስልኛል፣ የብድር ክፍያዬም አብሮ ይወርዳል» ብሎ ለሚያሰላ ብልጥ መልስ አላት። የብድሩን ክፍያ ስታሰላ የኪራይ ኪሳራውን መልሳ ትደምረዋለች።

ስለ ምንዛሪ ደግሞ ልናገር። ዕዳችሁ በአንድ ገንዘብ፣ ኪራያችሁ በሌላ ገንዘብ ነው። ማርች 6 ቀን 2024 የግብፅ ማዕከላዊ ባንክ የአገሩን ፓውንድ ዋጋ ገበያው እንዲወስነው ሲለቀው ከ31 ገደማ ተነሥቶ በዚያው ቀን ወደ 50 ለአንድ ዶላር ደረሰ። እዚያ አገር በወር 15,000 ፓውንድ የሚከራይ ቤት ያለው ሰው ማክሰኞ 484 ዶላር ነበረው፤ ረቡዕ 300። ተከራዩ አልወጣም፣ ቤቱ አልፈረሰም። የብድሩ ክፍያ 450 ዶላር ከሆነ ግን ማክሰኞ ይበቃ የነበረው ረቡዕ ከኪስ 150 ይጠይቃል።

ተቃራኒውም አለ፤ ብድሩን ራሱን በርካሽ ወለድ የውጭ ገንዘብ መውሰድ። በ2000ዎቹ ፖላንድና ሃንጋሪ ውስጥ እጅግ ብዙ ቤተሰብ ወለዱ ዝቅተኛ ነው ተብሎ በስዊስ ፍራንክ የቤት ብድር ወሰደ፤ ደመወዙ ግን በአገሩ ገንዘብ፣ በዝሎቲና በፎሪንት ነበር። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊስ ማዕከላዊ ባንክ ፍራንኩን ከዩሮ ጋር ያሰረበትን የ1.20 ገደብ በድንገት ሲያነሣ ፍራንኩ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይ ተተኮሰ። ሃንጋሪ ጥቂት ቀደም ብላ ብድሮቹ ወደ ፎሪንት እንዲቀየሩ በሕግ ወስና ነበር። ፖላንድ አልወሰነችም፤ የባንክና የተበዳሪ ሙግት ፍርድ ቤቶቿን ለዓመታት ያዘ። እነዚያ ሰዎች አልዘገዩም፣ አልሰነፉም፤ በየወሩ ሲከፍሉ ዕዳቸው ከፍ አለ።

ሕግስ? ሕግ እንግዳ ገዢን አይጠብቅም። ካናዳ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የውጭ ዜጋ ቤት እንዳይገዛ ከለከለች፤ በኋላም እስከ 2027 መጀመሪያ አራዘመችው። አውስትራሊያ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለሁለት ዓመት የውጭ ሰው ነባር ቤት እንዳይገዛ ከለከለች። ሲንጋፖር በኤፕሪል 2023 በውጭ ገዢ ላይ የምትጥለውን ተጨማሪ ቀረጥ ከ30 ወደ 60 ከመቶ አወጣችው። ቤት ገዝቶ የመኖሪያ ፈቃድ የሚገኝበትን መንገድ ፖርቱጋል በ2023፣ ስፔን በ2025 ዘጉት። ታይላንድ ውስጥ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ ለውጭ ሰው የሚፈቀደው 49 ከመቶ ብቻ ነው። ይህ ለገዢው ብቻ ሳይሆን ለሻጩም ጣጣ ነው፤ በምትሸጡበት ቀን ገበያችሁ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የሚወስነው ይኸው ነውና።

የራሴን ልናገር፤ ሳልነግራችሁ ብሄድ ተንኮል ይሆንብኛል። የትምህርት ዕዳዬን ገና ግማሹን ሳልከፍል ሊሠራ የታቀደ አፓርትማ ገዝቻለሁ። አገሩን አልጠራም፣ ድርጅቱንም አልጠራም። ውሉ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነበር፤ አንድ ገጽ ሁለት ዓምድ፣ በግራ የአገሩ ቋንቋ፣ በቀኝ እኔ የማነበው። በቀኙ በኩል «ቤቱ በ24 ወር ውስጥ ይረከባል» ይላል። ፈረምኩ። የግራውን ዓምድ ያስነበብኩት ዘግይቶ ነው። እዚያ ላይ «የግንባታ ፈቃድ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በ24 ወር» ይላል። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢኖር የአገሩ ቋንቋ እንደሚጸና በአንዲት መስመር ተጽፏል። የግንባታ ፈቃዱ የወጣው እኔ ከፈረምኩ ከ14 ወር በኋላ ነበር።

የእኔ ክፍያ ግን ፈቃድ አልጠበቀም፤ በካላንደር ቀን ነበር የታሰረው። በየሦስት ወሩ ኢሜይል ይመጣል፤ ክሬን ያለበት ፎቶ፣ ከሥሩ ደረሰኝ። አንዳንዱ ፎቶ ከባለፈው ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ ደመናው ሳይቀር። አንዱን ክፍያ ለመድረስ ስል የትምህርት ብድሬን ክፍያ በይፋ አስቁሜ ለስድስት ወር አቆየሁት። ተፈቅዶልኛል፣ ሕጋዊ ነበር። በስድስቱ ወር የተጠራቀመው ወለድ ግን ዋናው ዕዳ ላይ ተደመረና ከዚያ በኋላ በወለዱ ላይ ወለድ እከፍል ጀመር። ቤቱን በመጨረሻ ተረከብኩ፤ በገዛሁበት ዋጋ አካባቢ ሸጥኩት። ሰው ሲጠይቀኝ «አልከሰርኩም» እል ነበር። ወጪውንና ያንን ወለድ አንድ ላይ ደምሬ እስካየው ድረስ።

ያን ጊዜ ማንም ያልነገረኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ገንዘቤ የሚገባው ማን ሒሳብ ውስጥ ነው? የእኔ በቀጥታ ወደ ሻጩ ኪስ ነበር የሚገባው። ዱባይን ብትወስዱ በ2007 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 8 መሠረት ያልተሠራ ቤት የገዛ ሰው ክፍያ ኤስክሮው ወደሚባል ልዩ ሒሳብ ይገባል፤ ለዚያው ግንባታ ብቻ እንዲውል ማለት ነው። ይህ ሁሉንም አደጋ አያጠፋም። ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ የሌለበት ቦታ የምትከፍሉት ቅድሚያ ክፍያ፣ ዋስትና ሳትይዙ ለሻጩ ያበደራችሁት ገንዘብ ነው። ራሳችሁ ባለዕዳ ሆናችሁ አበዳሪ መሆን!

አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልበል። ገና ተማሪ ሆኖ የተረፈውን የብድር ገንዘብ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ያዋለ ሰው አጋጥሞኛል። የአሜሪካን የፌዴራል ብድር ስትወስዱ ገንዘቡን ለትምህርት ወጪ ብቻ እንደምታውሉት ፈርማችኋል። ይህን ኢንቨስትመንት አትበሉት።

ታዲያ እኔ ምን አደርግ ነበር? የግል ብድር ካለብኝ፣ በተለይ ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነ፣ እሱ እስኪያልቅ የባሕር ማዶ ቤት ስም አላነሣም። ከገቢ ጋር የታሰረና ቀሪው የሚሰረዝ ዓይነት ከሆነ፣ ቀድሞ ለመክፈል አልጣደፍም፤ እንግሊዝ ውስጥ መካከለኛ ደመወዝ ያለው ሰው ጨርሶ ሳይከፍለው ሊሰረዝለት የሚችለውን ዕዳ በትርፍ ገንዘቡ መዝጋቱ ሁልጊዜ ብልህነት አይደለም። ያ ትርፍ ገንዘብ ግን መጀመሪያ የመጠባበቂያ ይሁን፤ ቤቱን የሚገዛ ሰው ደግሞ መጠባበቂያው የራሱን ኑሮ ብቻ ሳይሆን የቤቱን ባዶ ወራትም መሸከም አለበት። የውጭ አገር ንብረት ፍላጎቱ ካልለቀቃችሁ፣ ሪት የሚባሉትን የሪል እስቴት ኩባንያ አክሲዮኖች ተመልከቱ። አሜሪካ በ1960 ነው ይህን መንገድ በሕግ የከፈተችው፤ ኩባንያዎቹ ግብር ከሚከፈልበት ገቢያቸው ቢያንስ 90 ከመቶውን ለባለድርሻ ማከፋፈል አለባቸው። ዋጋቸው ይወርዳል፣ ይወጣል፤ በገበያ የሚሸጡት ግን ገንዘብ ባስፈለጋችሁ ቀን ይሸጣሉ። ሰገነት የላቸውም፤ ፎቶ ማሳየት ላይ ትንሽ ይቸግራል።

ልትኖሩበት የምትገዙት ቤት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ወደዚያ አገር የምትሄዱ፣ ደመወዛችሁም በዚያ አገር ገንዘብ የሚሆን ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ዛሬ አልነካውም።

ጥያቄ እንቀበል። እዚያ ከኋላ፣ አዎ፣ አንቺ እህቴ።

«ቅድሚያ ክፍያውን ከፍያለሁ። ቀጣዩ ክፍያ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ለዚያ ብዬ የትምህርት ብድሬን ክፍያ ላስቁም አስቤ ነበር።»

አታስቁሚው። እሱን እኔ ሞክሬዋለሁ። በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ፈልጊ። አንደኛ፣ ውሉ ላይ ስለ መሰረዝ የሚናገረውን አንቀጽ፤ ስትወጪ ስንት ከመቶ እንደምታጪ እዚያ አለ፣ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈውን ለሻጩ በማይሠራ ተርጓሚ አስነብቢው። ሁለተኛ፣ ውሉን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይፈቀድ እንደሆነ፤ አንዳንዱ ከዋጋው የተወሰነ ከመቶ ከተከፈለ በኋላ ብቻ ይፈቅዳል። ሦስተኛ፣ ከዛሬ እስከ ርክክብ የቀረውን ክፍያ ሁሉ በብድርሽ ገንዘብ ቀይረሽ፣ ምንዛሪው ሩብ ያህል ቢዛባብሽም መቻልሽን በወረቀት ላይ ጻፊው። ከከፈልሽው ቅድሚያ ክፍያ በምንም መንገድ የማይመለሰውን ግን ስሌቱ ውስጥ አታስገቢው፤ እሱ ሄዷል። ብትወጪ የምታጪውን ከቀጠልሽ ከምትከፍይው ጋር ብቻ አወዳድሪ። ወረቀቱን ይዘሽ ከስብሰባው በኋላ ነይ፤ ውሉንም ይዘሽ ከሆነ መጨረሻው ገጽ ላይ ያለችውን መስመር አብረን እንፈልጋታለን።